የካራቫኑ ዋስ

ስሙኝማ። የያዛችሁትን ለቀቅ አድርጉና ስሙኝ፤ ስለ አንዲት ቃል ነው የማወራችሁ። ዋስ ስለምትባል ቃል። እኔ ትምህርት ያቋረጥኩት ዘጠነኛ ክፍል ላይ ነው፤ መጽሐፍ ላይ ምን ብለው እንደፈቷት አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም። የማውቀው እናቴ ዘንድ ምን ማለት እንደነበረች ነው።

እናቴ ጅግጅጋ የመጣችው ወታደር ተከትላ ነው። ወታደሩ አባቴ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ጦሩ ተበተነ፣ አባቴም አብሮ ተበተነ፤ ወዴት እንደሄደ እስከዛሬ ወሬው የለም። እኔ ያኔ ጡት አልጣልኩም። እሷ ግን አልተበተነችም። መንገድ ዳር ቆርቆሮ አቆመችና ሻሂ በወተት፣ ሳምቡሳ፣ ጠዋት ጠዋት ፉል መሸጥ ጀመረች። ሶማልኛውን ከደንበኞቿ ለቀመችው። ስትናደድ በሶማልኛ ትሳደባለች፣ ሲከፋት በአማርኛ ታለቅሳለች።

ታዲያ አንድ ቀን ጠዋት ትመጣና ቆርቆሮዋ ላይ በቀይ ቀለም «ይነሳ» ተብሎ ተጽፎ ታገኛለች። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። ቀለሙ ይታያል፣ ሰውየው አይታይም። መንገድ ሊሰፋ ነው፣ ቦይ ሊቆፈር ነው፣ እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ምክንያት አይጠፋም። ነቅላ ትሄዳለች፣ ሌላ ቦታ ትተክላለች፣ ቀለሙ እዚያም ይከተላታል። የመጨረሻው ጊዜማ ቀለም እንኳ አልቀቡም፤ በዶዘር ነው የመጡት። ብርጭቆዎቿን እንድታወጣ እንኳ አልጠበቋትም። እዚያው አፈሩ ላይ ተቀምጣ ስባሪውን ከደህናው ስትለይ ዋለች።

ከዚያ በኋላ ሰው የሚመኘውን ዓይነት ቤት መመኘት ተወች። ምኞቷ አንድ ብቻ ሆነ፤ ተነሺ ሲሏት ሳይፈርስ የሚነሳ ቤት።

አገኘችው። ወደ ቀብሪበያ በሚወስደው መውጫ ላይ ካራቫኖች ተደርድረው ይሸጡ ነበር፤ መንገድ ሠሪዎች ካምፕ ውስጥ የሚያድሩበት ዓይነት፣ በመኪና የሚጎተት ቤት። አንዱ ነጭ በነጭ ተቀብቶ ከሩቅ የሙሽራ ጥርስ ይመስላል። ውስጡ አልጋ አለው፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ አለው፣ ዕቃ ማጠቢያ አለው፣ በአንድ ጎኑ ሻሂ ማቀበያ የሚሆን ሰፊ መስኮት አለው። እናቴ ግን እነዚህን ሁሉ አልፋ በሩ ላይ ቆመች። ከውስጥ ይቆለፋል። ገብታ ቆለፈችው፣ ከፈተችው፣ እንደገና ቆለፈችው። ውጭ ቆሜ ስትስቅ ሰማኋት።

ሻጩ የኛው ከተማ ልጅ ነው። አባቱ እዚህ ሲያስተምር ኖሮ በኋላ ተዛውሮ የሄደ መምህር ነው አሉ። ልጁ ውጭ አገር ከርሞ ተመልሶ ካራቫን፣ ጄኔሬተር፣ ምናምን ይነግዳል። ገና ሲያያት «ማዘር፣ እኔ እኮ የጅግጅጋ ልጅ ነኝ» አላት። ጅግጅጋ ላይ ይሄ ቃል ቀላል አይደለም። አማራ ነህ፣ ጉራጌ ነህ፣ ሶማሌ ነህ ሳይል ሁሉንም የሚያስገባ በር ነው። እናቴም ዘው ብላ ገባች።

ዕቁብ ወጥቶላት ስለነበር ለካራቫኑ አልቸገራትም። ጣጣው የመጣው በኋላ ነው። ልጁ ለሦስት ወር በነጻ ዋስትና አለው አለ፤ ከዚያ በላይ ከፈለግሽ ግን ለሁለት ዓመት ተጨማሪ ዋስትና ትገዢያለሽ፤ ጎማው፣ ባሌስትራው፣ ጣሪያው፣ ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው ጋንቾ፣ ምኑም ምኑም ቢሰበር እኛ ነን የምንሠራልሽ አላት።

«ዋሱ ማነው?» አለችው።

«ድርጅቱ ነዋ ማዘር።»

«ድርጅት ሰው ነው?»

ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። አስቢበትና ተመለሺ ብሎ ሸኘን።

በዚያ ሳምንት ቤታችን ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። እኔ አልጣመኝም። ሰውየው ገና ሳይሸጥልሽ ስለ መሰበሩ ያወራል፣ ልጁን ሲድር ፍቺዋን አብሮ የሚሸጥ አባት አይተሽ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። «ከትምህርት ቤት ያስወጣህ ይሄ አፍህ ነው» አለችኝና ወደ ሥራዋ ዞረች።

ከዚያ የወተቷን ሴትዮ አማከረቻት። ይቺ ሴትዮ ከቀብሪበያ በኩል የግመል ወተት እያስመጣች የምትሸጥ የእናቴ የልብ ወዳጅ ናት። አባዮ ነው የሚባባሉት፣ በሶማልኛ እህቴ እንደማለት። ሴትዮዋ ስለ ካራቫኑ ምንም አልጠየቀችም። የጠየቀችው ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ነው። እናቴ የጅግጅጋ ልጅ ነው አለቻት።

«ጅግጅጋ ከተማ ነው አባዮ፣ ከተማ ይወልዳል እንዴ? እኛ ዘንድ አንድ ሰው እኔ አለሁ ሲል ከኋላው አጎቱ አለ፣ የአጎቱ ልጅ አለ። እሱ ቢጠፋ የምንይዘው ሰው አለ። ከዚህኛው ኋላ ማን አለ?»

«እግዚአብሔር አለ» አለች እናቴ።

«አላህማ ከሁላችንም ኋላ አለ። እኔ ሰው ነው የጠየቅኩሽ።»

ተሳሳቁና አለፉት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን እናቴ ወሬው አልገባት ብሎ አይደለም። ዋስ ማለት ምን እንደሆነ ከሁላችንም በላይ ታውቃለች። እኔ ገና ሳላድግ አንድ ጎረቤታችን የሆነ ጎረምሳ ተደባድቦ ታስሮ ነበር። ዘመድ የለውም፣ እሷ ዋስ ሆና አስፈታችው። ልጁ በማግስቱ ወደ ቦሳሶ ወደብ፣ ከዚያም ወደ ባሕር ጠፋ። እናቴ ማንም ሳይጠራት ራሷ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለች። ምን ፈለግሽ ሲሏት «ዋሱ ነኝ፣ እሱ ስለሌለ እኔ መጣሁ» አለቻቸው። ሂጂ ቢሏት ወይ ፍንክች። በነጋታውም ሄደች፣ በሚቀጥለውም ሄደች፤ በመጨረሻ አዛዡ ራሱ ለምኖ ነው ወደ ቤቷ የመለሳት። እሷ ዘንድ ዋስ ማለት እንዲህ ነው። የጠፋው ሲጠፋ የሚመጣው ሰው ማለት ነው።

ለዚህ ነው ተመልሳ ሄዳ ካራቫን ሻጩ ፊት የቆመችው።

«ድርጅቱን ተወው» አለችው። «አንተ ዋስ ትሆነኛለህ?»

መጀመሪያ ሊስቅ ነበር። ዓይኗን ሲያይ ግን ተወው። እጁን ደረቱ ላይ አደረገና «እኔ ነኝ ዋሱ፣ ማዘር» አላት።

በቃ። ለዋስትናው ክፍያ የአንገቷን ወርቅ ፈታች፤ ከአባቴ የቀራት እሱ ብቻ ነበር። ልጁ አንድ ነገር ብቻ ደጋግሞ አስጠነቀቃት፤ ቢሰበር እኛን ጥሪ እንጂ ሌላ ሰው እንዳታስነኪ፣ የሌላ ሰው መፍቻ ካረፈበት ዋስትናው ይፈርሳል አላት። እሷም እንደ ጸሎት ያዘችው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ የመጡትን ወራት የመሰለ ጊዜ በሕይወታችን አይተን አናውቅም። የወተቷ ሴትዮ ልጅ ወተት በሚያመላልስበት ላንድክሩዘር ካራቫኑን እየጎተተ በገበያ ቀን ቀብሪበያ ያደርሰናል፤ ሲመሽ ይመልሰናል። የከብት ደላሎቹ ያሾፉባታል። አገሬው ቤቱን ግመል ላይ ጭኖ ነው የሚዞረው፤ «ሆዮ፣ ያንቺ ግመል ጎማ አወጣች እንዴ?» ይሏታል። ሆዮ እናቴ ማለት ነው። እሷም «ያውም ሳር አትበላም፣ ሳምቡሳ ነው የምትበላው» ብላ በመስኮቱ ታቀብላቸዋለች።

አንድ ቀን ጅግጅጋ ላይ አንድ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ መጥቶ እዚህ መቆም አይቻልም፣ ተነሺ አላት። ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠብቀው የኖረችው ቀን ነው። «እሺ ልጄ፣ ሻሂህን ጨርስና እነሳለሁ» አለችው። ጨረሰ። ላንድክሩዘሩ መጣ፣ ጎተተን፣ አስፋልቱን ተሻግረን ትይዩ ቆምን፤ መስኮቱን ከፈተችና እዚያው ለዚያው ሁለተኛ ሻሂ ቀዳችለት። አንድ ብርጭቆ አልተሰበረም። ያን ቀን እስክትተኛ ድረስ ስትስቅ አመሸች።

የተሰበረው የነጻው ሦስት ወር ካለፈ በኋላ ነው። ከቀብሪበያ ስንመለስ ከኋላችን ጧ አለ። ዘወር ስል ካራቫኑ ከመኪናው ተላቆ ወደ ቦዩ እየሄደ ነው። በጎኑ ተኛ። እናቴ ጋቢና ውስጥ ከኛ ጋር ስለነበረች ምንም አልሆነችም። ወርጄ ጋንቾውን አየሁት። ብረቱ ያን ቀን አልነበረም የተሰበረው። ቀድሞ ተሰብሮ በላዩ ተበይዷል፣ በላዩ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። ከቀለሙ ሥር ያለው ዝገት እንደ ዱቄት እጄ ላይ ቀረ።

የወተቷ ሴትዮ ልጅ ቀብሪበያ በያጅ አውቃለሁ፣ አሁኑኑ ላምጣው፣ ሳይመሽ ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል አለ። ቁልፉን ይዞ ወደ መኪናው ሲዞር እናቴ ካራቫኑና እኛ መሀል ገብታ ቆመች።

«እንዳትነኩት» አለች። «ዋስ አለው።»

ለመንናት። እሺ አላለችም። እሷ እዚያው ቀረች፣ እኔ ዋሱን ልጠራ ጅግጅጋ ገባሁ። ካራቫኖቹ የነበሩበት ቦታ ባዶ ነው። ቢሮው የነበረው ክፍል ውስጥ ፍራሽ ይሸጣል። ፍራሽ ሻጩን ብጠይቀው ቤቱን ባዶውን ነው የተከራየሁት አለኝ። ስልክ ብደውል የቴሌዋ ሴትዮ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይቻልም ትለኛለች። እስቲ የማን ልጅ ነው፣ ዘመዱ ማነው ብዬ ከተማውን ዞርኩት። ሁሉም ያውቀዋል፣ ማንም አያውቀውም። አንዱ ውጭ ተመልሷል አለኝ፣ አንዱ አዲስ አበባ ነው አለኝ። የማን ልጅ እንደሆነ ስጠይቅ ግን የሁሉም መልስ አንድ ነው። የጅግጅጋ ልጅ ነው።

ተመልሼ ነገርኳት። «ይመጣል» አለች። ከካራቫኑ ጎን ላስቲክ ወጥራ አደረች፣ ሰነበተች። ከጅግጅጋ የሚመጣ መኪና ድምፅ በሰማች ቁጥር ነጠላዋን አስተካክላ መንገዱ ላይ ትቆማለች። ዝናቡ ገባ። ላስቲኩ ማፍሰስ ጀመረ፣ ደረቷን ማሳል ጀመራት። ቤቷ በጎኑ ተኝቶ፣ እሷ ከቤቷ ውጭ በዝናብ።

የወተቷ ሴትዮ መጥታ አጠገቧ ጭቃው ላይ ቁጭ አለች። ነግሬሽ አልነበረም አላለቻትም። ወተት ቀዳችላት፣ ጉልበቷን ይዛ አባዮ ፍቀጂልንና እንሥራው አለቻት። እናቴ ሌላ ሰው ከነካው እኮ ይፈርሳል፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ነው የነገረኝ አለች። እኔ ያን ጊዜ አልቻልኩም፣ ጮህኩባት። ሰውየው ጠፍቷል፣ አይገባሽም ወይ፣ ሌባ ነው አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ የሚጠይቀውን ዓይነት ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ዋስ ይጠፋል? እኔ ያኔ ጠፍቼ ነበር?»

አጠገቧ ቁጭ አልኩና የሚያፈሰውን ላስቲክ በእጄ ደገፍኩላት። 

ሳሉ ሲብስባት በግድ ጭነን ጅግጅጋ ክሊኒክ አስገባናት። እሷ ተኝታ ሳለ ካራቫኑን ሰው ጨረሰው። ጎማው የለም፣ መስኮቱ የለም፣ ዕቃ ማጠቢያው የለም። ያ ከውስጥ የሚቆለፈው በር ራሱ ተነቅሎ ሄዷል። ስነግራት አላለቀሰችም፣ በሶማልኛም አልተሳደበችም። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ያለችው እህቷ መጥታ ወሰደቻት። ስንት ቀይ ቀለም፣ ስንት ዶዘር ከጅግጅጋ ሊነቅላት ያልቻለውን ሴት አንድ «እኔ ነኝ» ነቀላት። አውቶቡሱ ሲነሳ የወተቷ ሴትዮ ከመስኮቱ ሥር ቆማ ሻሿን አፏ ውስጥ ከትታ ነበር።

እዚያ ብርድ ነው። የሰው ቤት ነው፣ የሰው ጓዳ ነው። በሶማልኛ የምትሰድበው ሰው የለም። ስልክ የምትደውለው እሑድ እሑድ ነው። በልተሃል ወይ ትለኛለች፣ አባዮ ደህና ናት ወይ ትለኛለች፣ ከዚያ «ሰውየው መጣ?» ትለኛለች። ገና ነው እላታለሁ። «እንግዲያው እንዳታስነካው» ትለኛለች። ካራቫኑ ውስጥ ፍየል ነው የሚያድረው። ይሄን አልነግራትም።

አንተ የጅግጅጋ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጆሮህ ከደረሰ፣ ወርቁን አልጠየቅኩህም፣ ብረቱንም አልጠየቅኩህም። «ይነሳ» ብላችሁ ቀለም የምትቀቡትም ስሙ፤ እናንተ ቀይ ቀባችሁ፣ እሱ ነጭ ቀባ። ነገ እሑድ ነው። ትደውላለች። ዋሱ መጣ ወይ ትለኛለች። እስቲ ንገሩኝ፣ ምን ልበላት?