በአሳማ የቀናሁበት ጾም

ሰው በአሳማ ይቀናል? እኔ ቀናሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ያውም በሁዳዴ።

እዚህ አሜሪካ፣ ፌርፋክስ ላይ ወጥ የምሠራበት ምግብ ቤት ዕቃ የሚያጥብ ሜክሲኮአዊ አለ። ለእረፍት ብሬክ ስንወጣ ጓሮ ደረጃው ላይ ቁጭ ይልና አገር ቤት ለቀረው ታናሽ ወንድሙ በቪዲዮ ይደውላል። ወንድሙም የሚያረባቸውን አሳማዎች ያሳየዋል፤ ጥቁር፣ ጸጉራቸው የሳሳ፣ የዚያው የመንደራቸው ዘር። እኛ ቤት አሳማ ስሙም አይነሳም፣ እኔ ግን አንገቴን አስግጌ አያለሁ። ያ ልጅ ከቀዬው ሳይወጣ እንዲያ ሲስቅ ሳይ ዓይኔ ይቀላል።

የኔም ታናሽ ወንድም ገጠር እናታችን ጋ ነው። «እትዬ፣ እዚህ የሚያቆየኝ ካጣሁ በጅቡቲ አድርጌ ዓረብ አገር መሄዴ ነው» ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እንዳይሄድብኝ ብዬ የፈረንጅ ዶሮ አስገዛሁት። እዚህ ለፋሲካ «የሐበሻ ዓይነት ካልሆነ» ብዬ ከተማ ጥግ ድረስ ድራይቭ የማደርግ ሴትዮ፣ ለገጠር የፈረንጅ! መኖው ከከተማ እየተጫነ ሲሄድ ቆየ፣ ኋላ ፈንግል የሚሉት የዶሮ በሽታ ገባና ድራሻቸው ጠፋ።

ቅናቱ ሲብስብኝ ሜክሲኮአዊውን ፊት ለፊት ጠየቅኩት። «ምን እየቀለባችኋቸው ነው እንዲህ የሚሰቡት?»

«ምንም አንገዛም» አለ ትከሻውን ሰብቆ። «የማጀት ትራፊ፣ የዱባ ልጣጭ፣ አረም። ያገር ዘር ስለሆነ ሙቀቱንም በሽታውንም ይችላል። የመጀመሪያዋንም አልገዛናት። ጎረቤት ሰጠን፣ ስትወልድ ልጆቿን ተካፈልን።»

ወይ ጉድ! ይሄማ የኛው ርቢ ነው። ያለው ሰው በጉን ለሌለው ይሰጣል፣ ያኛው ያረባል፣ ግልገሉን ይካፈላሉ። አባታችንስ ጎጆ የወጣው በርቢ በግ አይደል! ብሬኬ ሳያልቅ ለወንድሜ ደወልኩ።

«ስማ፣ የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ነው። መኖ የሚባለውን ተወውና የርቢ በግ ጠይቅ።»





«ጠይቄ ነበር እኮ፣ እትዬ። ቤት ለቤት ዞርኩ።»

«እና?»

«ሳቁብኝ። ‹ርቢ ለደኻ ነው፣ አሜሪካ እህት ላለው ማን ይሰጣል?› አሉኝ። እኔ ባዶ ጋጣ ይዤ እነሱ ይቀኑብኛል።» ቀጥሎም «አንቺ እዚያ ባትሆኚ ኖሮ ይሰጡኝ ነበር» አለ። ክፉ ልጅ አይደለም፣ የሆነውን ነው የነገረኝ።

ሜክሲኮአዊው ስልኩን ወደኔ አዞረ። አሳማዋ ወልዳለች። ወንድሙ ከልጆቿ አንዱን ታቅፎ፣ በሳቅ ፍርስ እያለ እጁን ያውለበልብልኛል። እኔም እጄን አነሳሁለት።

የኔው ወንድም በጆሮዬ «እትዬ፣ የጅቡቲውን ደላላ አነጋግሬዋለሁ» አለኝ።