ጸበል የነካው ስልክ

ስልኬን አበደ ያለችው እናቴ ናት። እኔ እዚሁ ባሕር ዳር ኮሌጅ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ቤተ ሙከራ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕቃ ይበላሻል እንጂ ያብዳል ብዬ አላምንም። ግን ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ማንም ሳይነካው ተከፍቶ፣ ኮርኒሱን ሦስት ጊዜ ፎቶ አንሥቶ፣ ከዚያ ለንስሐ አባታችን ሲደውል ባየሁ ጊዜ እኔም ሌላ ቃል አጣሁለት።

"ምነው ልጄ፣ ደህና አይደላችሁም?" አሉ አባ ደንግጠው።

"ደህና ነን አባ፣ ይፍቱኝ። ስልኩ ነው የደወለ።"

"ስልኩማ ስልክ ነው። ማን ደወለ ነው የምልሽ?"

ምን ብዬ ላስረዳቸው! እናቴ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ስልኩ ገና እጄ ላይ ሳለ ሌላ ቁጥር ሲመርጥ አየችና አማተበች።

"አብዷል" አለች። "በይ እንግዲህ፣ የአባትሽን ድምፅ ይዞብን እንዳይሄድ።"

የእሷ ጭንቀት ይኸው ብቻ ነበር። አባቴ ካረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። መሪጌታ ነበሩ፤ ከቅዳሴና ከማሕሌት በተረፋቸው ጊዜ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍት ይገለብጡ ነበር። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" ማለት ይወዱ ነበር። ይሁን እንጂ ቀለሙን እንዴት እንደሚያዘጋጁት አንድም ቀን አልጻፉትም። አንድ ቀን ጠዋት ነገሩ ከነከነኝና ጠየቅኋቸው። ስልኩን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እሳቸው ሳያውቁ ቀዳሁ። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ስለ ጥቀርሻና ስለተቆላ ገብስ ይናገራሉ፣ ያስላሉ፣ መሐል ላይ ዶሮ ገብታ "እሽ! ውጪ ከዚህ!" ይላሉ። ወደ መጨረሻው "እስቲ አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ አቀብይኝ" ሲሉ እናቴ ከጓዳ "መጣሁ" ትላለች። አባቴ እናቴን በስሟ ሲጠሯት ሰምቼ አላውቅም፤ ስሟ "አንቺ ሴትዮ" ነበር።

ካረፉ ወዲህ እናቴ በየማለዳው ያንን ታዳምጣለች። እኔ ፊቴን ስታጠብ ስልኩን ከስኳር ጣሳው ጋር ታስደግፈውና ምስሯን እየለቀመች ትሰማለች። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ ዳዊቷን ትደግማለች ብዬ ነበር የማስበው።

ታዲያ ድምፁ ሌላ ቦታ አልተቀመጠም? አልተቀመጠም! ነገ ነገ እያልሁ። ዕድሜ ልካቸውን መጽሐፍ ሲገለብጡ የኖሩ ሰው ልጅ ሆኜ አንዲት ፋይል መገልበጥ አቃተኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አንድ መጥፎ አመል አለኝ፤ የተበላሸ ነገር ሳይ ከማዘኔ በፊት ደስ ይለኛል። ለምን ተበላሸ የሚለው ጥያቄ ከሁሉ ይቀድምብኛል። ደብተር ገዛሁና የስልኩን ጠባይ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ መጻፍ ጀመርሁ። ማለዳ ጨዋ ነው። ረፋዱ ላይ መቅበጥበጥ ይጀምራል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ያ የባሕር ዳር ሙቀት ሰውን ሲያዝለው፣ ለይቶለት ያብዳል። አንድ ቀን የአለቃዬን መልእክት ከፍቶ ሰባት ጊዜ "እ" ብሎ መለሰላቸው። መቆለፊያ ቁጥር ባስገባበት ደግሞ ራሱ ሲሞክር፣ ሲሳሳት፣ በመጨረሻ ግማሽ ሰዓት ጠብቂ ይለኛል። እየሳቅሁ ጻፍሁት። ሳቄ የቆመው ዓይኔ እያየ የቅጂዎቹን ዝርዝር ከፍቶ በአባቴ ድምፅ ላይ ሲያንዣብብ ነው። ክው አልሁ። ወዲያው አጠፋሁትና እስከ ማታ ሳልከፍተው ዋልሁ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ በእልልታ ቀሰቀሰችኝ።

"ተነሽ! ድኗል!"

እውነትም ስልኩ ጸጥ ብሏል። ዳሰስሁት፤ የነካሁትን ብቻ ይከፍታል። ግን እጄ ረጠበ።

"እማዬ፣ ምን አደረግሽው?"

"ምን አደርገዋለሁ፤ ጸበል ረጨሁትና በነጠላ ጠቅልዬ እንስራው ሥር አሳደርሁት።"

"ውሃ ረጨሽበት?"

"ውሃ ማን አለ? ጸበል ነው የምልሽ!"

ተናደድሁ፣ ጮህሁባት። እሷ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ስልኩ ደህና ነዋ! እስከ እኩለ ቀን ደህና ነበር፤ ከዚያ ተመልሶ አበደ። የዚያኑ ዕለት ማታ ነገሩ አላስቀምጥ ሲለኝ ያለ ጸበል፣ ደረቁን እንስራው ሥር አሳደርሁት። ጠዋት ዳነ። ፀሐይ ላይ አወጣሁት፣ አበደ። መለስሁት፣ ዳነ።

"አየሽ፣" አልኋት፣ "ያሻለው ቅዝቃዜው ነው።"

"ቅዝቃዜውንስ ማን ሰጠው?" አለችና ወደ ምስሯ ተመለሰች።

የአንድ ዓመት ዋስትናው ሊያልቅ አምስት ቀን ቀርቶት ነበር። ሰኞ ጠዋት ስልኩን ይዤ ወደ ገዛሁበት ሱቅ ስወጣ እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። የአባቴን ድምፅ ለማያውቀው ሰው ብቻዬን እንድሰጥ አላመነችኝም።

የሱቁ ቴክኒሻን አንገቱ ላይ ማተብ ያሰረ፣ ረጋ ያለ ሰው ነበር። ቅጽ አውጥቶ ይሞላ ጀመር።

"ወድቆ ያውቃል?"

"አያውቅም።"

"ውሃ ነክቶታል?"

እኔ አፌን ሳልከፍት እናቴ "ኧረ በጭራሽ!" አለች። ከልቧ ነው።

ስልኩን ከፈተና በአጉሊ መነጽር አየው። ውስጡ ውሃ ሲነካው የሚቀላ ነጭ ወረቀት አለ፤ የእኛው እንደ በርበሬ ቀልቷል። ሰውየው ቀና ብሎ አየን።

"እናቴ፣ ይህ ውሃ ነክቶታል እኮ።"

"ውሃ አልነካውም አልሁህ። የነካው ጸበል ነው።"

ጉድ በል ጎንደር! እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ቴክኒሻኑ ግን አልሳቀም። እስክሪብቶውን ይዞ ቅጹን አየ፣ እናቴን አየ፣ ማተቡን ነካ ነካ አደረገ። "ውሃ" ብሎ ቢጽፍ ዋስትናው ይቀራል፤ ደግሞ እሷ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ጸበልን ውሃ ነው ብሎ መጻፍ ከበደው። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ "የደንበኛዋ እናት ጸበል መሆኑን ገልጸዋል።"

እኔም ደብተሬን አወጣሁ። ብልሽቱ ከጸበሉ አሥር ቀን ቀድሞ እንደጀመረ ቀን በቀን ተጽፏል። ገጾቹን አንድ በአንድ ፎቶ አንሥቶ ከቅጹ ጋር ወደ አዲስ አበባ ላከው። ሳልሄድ ሁለት ነገር ነገረኝ። ቢፈቀድልኝ የሚሰጠኝ አዲስ ስልክ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ተመልሶ የታደሰ ነው። የእኔም በተራው ታድሶ ለሌላ ይሰጣል፤ ሲታደስ ውስጡ ያለው ሁሉ ይደመሰሳል።

"የምትፈልጊው ነገር ካለ አስቀድመሽ ገልብጪ።"

በመንገድ ላይ እናቴ "የተፋቀ ብራና ማለት ነዋ" አለች። "አባትሽም አሮጌ ጽሕፈት ፍቆ በላዩ ይጽፍ ነበር። ግን ወደ ፀሐይ ብታዞሪው የፊተኛው ጽሕፈት ይታያል።"

ረቡዕ "ተፈቅዷል፣ አርብ አምጪው" ተብሎ ተደወለልኝ። የዚያኑ ዕለት የኮሌጁን ላፕቶፕ አስፈቅጄ ወደ ቤት ወሰድሁ። እንስራው ሥር ቁጭ ብዬ ስልኩን ከላፕቶፑ ጋር በገመድ አገናኘሁት፤ በገመዱ ኃይል ሲሞላ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ያብዳል። ደጋግሜ ሞከርሁ፣ አልሆነም። ከእንስራው የበለጠ ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልገኛል።

"ነገ ከኪዳን በኋላ ሐይቁ ዳር" አለች እናቴ። "ያ አባትሽ የሚቀመጥበት ድንጋይ ማለዳ እንደ በረዶ ነው።"

ሐሙስ ማለዳ ኪዳን አድርሰን ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወደ ጣና ወረድን። ነፋሱ ከውሃው ላይ ይመጣል፤ አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን ከእምቦጩ እየታገለ ያወጣል። ስልኩን እርጥብ ድንጋዩ ላይ አጋደምሁት። ሁለመናው ቀዘቀዘ፣ ሰከነ። እናቴ "ከመገልበጥሽ በፊት አንዴ አሰሚኝ" አለች፤ ዝርዝሩን ከፈትሁና ሁለታችንም እስከ መጨረሻው አዳመጥነው። ከዚያ ገመዱን ሰካሁ። አላበደም። እሰይ! ፊቴን ወደ ላፕቶፑ አዙሬ ድምፁን የማስቀምጥበትን ቦታ መፈለግ ጀመርሁ።

ከጀርባዬ የእናቴ ድምፅ ተሰማኝ። "በስመ አብ፣ ወወልድ፣ ወመንፈስ ቅዱስ።"

ዞር ስል ጣቷ መስተዋቱ ላይ ነበር። ከላይ ወደ ታች፣ ከግራ ወደ ቀኝ አማተበችበት። ወደ ጎን ስታልፍበት ስልኩ "ይጥፋ?" ብሎ ጠየቀ። ማንበብ አትችልም። እንደ ልማዷ ጣቷን ሳመችና መልሳ መሐሉን ነካችው። ለስንት ቀን ማንንም አልታዘዝ ያለው ስልክ ያን ጊዜ ታዘዛት። የአባቴ ድምፅ ከዝርዝሩ ወጣ።

"ምነው?" አለችኝ።

"ምንም። በቃ ጨረስሁ" አልሁ። ስልኩን ኪሴ ከተትሁት።

የስልኩ ድምፅ መቅጃ የጠፋ ነገር የሚያስቀምጥበት ቅርጫት የለውም። ቤተ ሙከራ ገብቼ ያልሞከርሁት ፕሮግራም፣ ያላማከርሁት ሰው የለም፤ ውሃ ወቀጣ ሆነ። አርብ ስልኩን አስረከብሁ። ለእናቴ ምን እላታለሁ? ጣትሽ አጠፋው? ሆድ ይፍጀው አልሁ። ሳምንቱን ሙሉ ምስሯን ያለ ድምፅ ለቀመች። አንድም ቀን አልጠየቀችኝም፤ አለመጠየቋ ይበልጥ አንጀቴን በላው።

የታደሰው ስልክ በካርቶን ታሽጎ መጣ። ጭረት የለበትም፤ ከማን እጅ እንደመጣ፣ እዚያ ቤት ማን በማን ላይ በስልኩ እንደጮኸ፣ ምን እንደተቀዳበት ሳስብ አመሸሁ። ጠዋት እናቴ ተቀበለችኝና ወደ መስኮቱ ፀሐይ አዘነበለችው። ዓይኗን አጥብባ ለረጅም ጊዜ አየች።

"ምንም አይታይም" አለች። "ደህና አድርገው ፍቀውታል።"

ከዚያ ከስኳር ጣሳው ጋር አስደገፈችውና ምስሯን ስባ ተቀመጠች። "በይ ክፈችልኝ።"

ሳምንት ሙሉ ያዘጋጀሁት ውሸት ነበረኝ። "እማዬ፣ ስልኩ እንደምታውቂው... እዚያ ሐይቁ ዳር እንደገና አበደና..."

"በጣቴ ነው" አለችኝ። "ያን ጊዜ ፊትሽን አይቻለሁ።"

እንደ ሕፃን አለቀስሁ። እሷ አላለቀሰችም። ሰፌዱን ከጭኗ አውርዳ አስቀመጠች።

"ነይ፣ ቁጭ በይ" አለች።

ፊት ለፊቷ ተቀመጥሁ። መጀመሪያ አሳለች፤ የእሷ ሳል አልነበረም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጀመረች።

"ጥቀርሻውን ከድስቱ ቂጥ ትፍቂያለሽ። በይ፣ ተከተይኝ።"

"ጥቀርሻውን ከድስቱ ቂጥ ትፍቂያለሽ።"

"እንደሱ አይደለም። 'ከድስቱ' ሲል ትንሽ ይጎትታል።"

ጎተትሁት። እንደ ቆሎ ተማሪ እሷ ስትል እያልሁ ገብሱ እስኪያር ተቆላ፣ ተወቀጠ፣ ከጥቀርሻው ጋር ተለውሶ በጋን ከረመ። አንዲት ቃል አልዘለለችም። የሚያርፉበት ቦታ ታርፋለች፣ የሚቸኩሉበት ትቸኩላለች። ዶሮዋ የምትገባበት ጋ ስትደርስ እጇን አወናጭፋ "እሽ! ውጪ ከዚህ!" አለች፤ እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅሁ። ስምንት ወር ሙሉ ዳዊት አልነበረም ያንቀሳቀሰው ከንፈሯን።

ወደ መጨረሻው ደረስን።

"እስቲ አንቺ ሴትዮ፣ ውሃ አቀብይኝ" አለች።

ቅጂው ላይ እዚህ ቦታ ከጓዳ የምትመልሰው እሷ ነበረች። አሁን ግን አፏን ገጥማ እኔን ታያለች።

"መጣሁ" አልሁና ተነሥቼ ወደ እንስራው ሄድሁ።