ላስቲክ የለበሰው አልትራሳውንድ

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰው ሁሉ «አለፈ እኮ፣ እርሺው» ይለኛል። አልረሳሁትም፤ ለመርሳትም ሞክሬ አላውቅም። እስከ ዛሬ ድረስ ላስቲክ የተጠቀለለበት ዕቃ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። ቁጣዬ በዝቶ እንደሆነ እናንተው ፍረዱኝ።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ስፌት ማሽን ላይ እሠራለሁ። ወፍራም ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ታሪኩ ውስጥ ስላለበት እንጂ አፍሬበት አይደለም፤ እናቴም ወፍራም ነበረች፣ ስምንት ልጅ ወልዳ አሳድጋለች። እኔ ግን ካገባሁ ሰባት ዓመት ሙሉ አልወለድኩም። ባለቤቴ ሰይድ በዚህ ምክንያት ክፉ ቃል ተናግሮኝ አያውቅም። ዘመዶቹ ግን ይናገሩ ነበር፣ እኔም እየሰማሁ እንዳልሰማ አልፋለሁ። ስለዚህ ያረገዝኩ ጊዜ ለማንም አልተነፈስንም። ሁለት ወር አልፎ ሦስተኛውን እንደያዝኩ አንድ ጠዋት ትንሽ ደም አየሁ። ደንግጬ ከሥራ አስፈቀድኩና ሰፈራችን አጠገብ ወዳለ ክሊኒክ ሄድኩ።

የክሊኒኩ አልትራሳውንድ አዲስ ነው። ቁልፎቹ ያሉበት ገጽ በወፍራም ላስቲክ ተወጥሮ ተጠቅልሏል፤ ዳር ዳሩ በነጭ ፕላስተር ታሽጓል። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ ደስ አለኝ። ዕቃ አያያዝ የሚያውቁ ንጹህ ሰዎች ናቸው አልኩ። የእኛ ቤት የቴሌቪዥን ሪሞትም ከተገዛ ጀምሮ ላስቲክ እንደለበሰ ነበር።

ባለሙያው ወጣት ነው። ሆዴን ጄል ቀብቶ መሣሪያውን ወዲያና ወዲህ አንሸራሸረው። ስክሪኑ ይታየኛል። ከላይ ነጣ ያለ ነገር አለ፤ ከመሃል በታች ግን ድፍን ጥቁር ነው። ደጋግሞ ጫነኝ። ሲያሳምመኝ ጥርሴን ነክሼ ቻልኩት።

«ውፍረትሽ አላሳይ አለኝ» አለ። «ስቡ የማሽኑን ድምፅ ይበላዋል።»

ትንሽ ቆየና መሣሪያውን አስቀመጠ። «የእርግዝና ከረጢት ብቻ ነው የሚታየው። ፅንስ የለም። ማህፀንሽ መጠረግ አለበት።»

«እስቲ በአላህ፣ አንዴ ደግመህ እይልኝ» አልኩት።

«ባዶ ነገር ምኑን ልይልሽ እህቴ? ለወደፊቱ ቀንሺ፤ ከዚያ ትሞክሪያለሽ።» ወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። ከነገ ወዲያ ሄጄ እንድጠረግ ነው።

ቀንሺ! «ልጅ የለሽም» ባለበት አፉ፣ ጄሉን ከሆዴ ሳልጠርግ፣ ቀንሺ አለኝ።

ቤት ስደርስ ለሰይድ ወረቀቱን ሰጠሁት። አንብቦ አጠፈው። «አብሽሪ፣ የአላህ ውሳኔ ነው» አለኝ። ከዚያ ፊቴን ልታጠብ ብሎ ወጣና ብዙ ቆየ። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። እኔ አላለቀስኩም። ንዴቱ ለቅሶውን አላስወጣው አለ።

እዚህ ላይ አልዋሽም። በማግስቱ ወደ ደሴ የወጣሁት ማሽኑን ጠርጥሬ አይደለም። ስለ ማሽኑ ምን አውቄ! የወጣሁት «ቀንሺ» ስላለኝ ነው። መርዶም ከሆነ ሰው በሚመስል ሰው፣ በወግ ይነገረኝ ብዬ ነው። ሰይድ «ወረቀቱ ያው ነው፣ ለምን ትንገላቻለሽ?» እያለ ተከተለኝ። በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት ይዘን ወጣን።

የሄድነው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ወዳለ ክሊኒክ ነው። ማሽኑ ያረጀ ነው፤ ከቁልፎቹ ላይ ጽሑፉ ሁሉ በጣት ብዛት ተፍቋል። ሐኪሟ በእናቴ ዕድሜ ያሉ፣ መነጽር ያደረጉ ሴት ናቸው። የትናንቱን ወረቀት ሰጥቻቸው፣ አልጋው ላይ ሳልወጣ ተቆጣኋቸው።

«ወፍራም ነኝ፣ አውቃለሁ። እርስዎም እንዳይነግሩኝ።»

«እኔስ ቀጭን ነኝ እንዴ ልጄ? ነይ አልጋው ላይ ውጪ» ብለው ሳቁ።

ስክሪኑ ላይ የታየው ያው የትናንቱ ጥቁር ነበር። ሰይድ እጄን ያዘኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳይነቅሉ በግራ እጃቸው ከማሽኑ ጎን ወዳሉት፣ በረድፍ ወደተደረደሩ ትንንሽ ተንሸራታች ቁልፎች ሄዱ። የታችኞቹን አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ገፉ። ጥቁሩ ገረጣ። ከዚያ ውስጥ ቅርጽ ወጣ። ቅርጹ መሃል ላይ አንዲት ትንሽ ነገር ቶሎ ቶሎ ትመታለች።

«ይኸውልሽ ልቡ» አሉኝ።

ሰይድ «ሱብሃነላህ!» ብሎ ግድግዳውን ተደገፈ።

ሐኪሟ እያሳዩ አስረዱኝ። «ማህፀንሽ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ ልጁ ያለው ከሥር ነው። የማሽኑ ድምፅ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር እየደከመ ይሄዳል፤ ከሩቅ ተመልሶ የሚመጣው ሹክሹክታ ነው። እነዚህ ቁልፎች ያንን ሹክሹክታ ያጎሉታል። የላዮቹ ለቅርቡ፣ የታችኞቹ ለሩቁ ናቸው። በየሰዉ ሰውነት ልክ ማስተካከል ነው።»

«እስቲ ይመልሱት» አልኳቸው። መለሱት፤ ልጄ ጠፋ። ገፉት፤ ልጄ መጣ። ሁለቴ አስደረግኳቸው። ያኔ ነው ያ ላስቲክ ትዝ ያለኝ።

«የኮምቦልቻው ማሽን ላይ ይሄ ቦታ ታሽጓል» አልኩ።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታሽጓል ስትይ?»

«በላስቲክና በፕላስተር።»

መነጽራቸውን መልሰው አደረጉ። «ቁልፉ ቢስተካከልም እንኳ እንዲህ ያለ ነገር በአንድ እይታ አይፈረድም ልጄ። ሳምንት ቆይቶ ይደገማል» አሉ። ድምፃቸው ተቀይሯል።

እኔ የስፌት ሰው ነኝ። ለስስ ጨርቅ የተስተካከለ የክር ማጥበቂያ ጂንስ አይሰፋም። ጨርቁ ሲለወጥ ማጥበቂያውም ይለወጣል፤ ይህን ለአዲስ ተቀጣሪ በመጀመሪያው ቀን ነው የምናሳየው። ማጥበቂያውን በፕላስተር አሽጎ «ጨርቁ ወፍራም ሆነብኝ» የሚል ሰው እኛ ዘንድ አንድ ፈረቃ አይውልም። በእኔ ጉዳይ ግን ጥፋተኛ ያደረጉት ጨርቁን ነው።

ስንመለስ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ ብለን ቤታችን እንግባ» ብሎ ለመነኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ብዬ ከሚኒባሱ ወርጄ በቀጥታ ክሊኒኩ ገባሁ። ወጣቱም፣ የክሊኒኩ ባለቤትም ነበሩ። የደሴውን ወረቀት ፊታቸው ዘረጋሁት። ወጣቱ አነበበና ላብ አጠመቀው።

ባለቤቱ ግን ስለ ማሽኑ ነው ያወራው። «እንዳይበላሽ ብለን እኮ ነው። የኮምቦልቻን አቧራ ታውቂው የለ! ይሄን ማሽን እኮ በስንት መከራ ነው ያመጣነው።»

ወጣቱ «እኔ ስቀጠርም እንደታሸገ ነው ያገኘሁት። እንዳትነካው ተብያለሁ» አለ።

ፕላስተሩን በጥፍሬ ይዤ ገሸለጥኩት። ባለቤቱ ጮኸ። ላስቲኩ ሲነሳ ከሥሩ ያ ረድፍ ታየ። ላስቲኩ ተወጥሮ ሲታሰር የታችኞቹን ቁልፎች ጠርጎ ግራ ጠርዝ ላይ አስተኝቷቸዋል። የጣት አሻራ እንኳ አላረፈባቸውም። ከፋብሪካ እንደወጡ ያበራሉ።

ወጣቱን ጠየቅሁት። «ከመቼ ጀምሮ ነው የታሸገው?»

«ማሽኑ ከመጣ ጀምሮ» አለ ቀስ ብሎ። «አምና ከረመዳን በፊት።»

«ከእኔ በፊት ባዶ ነው ብለህ የጻፍክላቸው አሉ?»

ወጣቱ በሽተኛ የሚተኛበት አልጋ ላይ ተቀመጠ። ባለቤቱ ውሃ ስጧት ይላል፣ የጠማኝ መስሎት።

ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ። እናጣራለን አሉኝ። ያጣሩትን እስከ ዛሬ አልሰማሁም። ላስቲኩ ግን ተነስቷል፤ ሄጄ በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጄ አሁን ይሮጣል። እንደ እኔው ወፍራም ነው፣ ማሻአላህ። ሰዎች «ልጅሽን አቅፈሽ ምን ያናድድሻል?» ይሉኛል። ለእሱ ጠዋትና ማታ አልሐምዱሊላህ እላለሁ። የሚያናድደኝ የእኔ አይደለም። እኔ ነገረኛ ሆኜ፣ ስድብ አልቀበል ብዬ ደሴ ወጣሁ። ሰው አክባሪ፣ የተነገራትን የምታምን ሴትስ? ወረቀቷን ይዛ በቀጠሮዋ ቀን ሄዳ ተጠርጋለች። ብትኖር ስሟን አላውቀውም፤ ላገኛትና ልነግራት አልችልም። ይኸኔ ውፍረቴ ነው ብላ ሰውነቷን እየረገመች ይሆናል።