ከለቅሶ የሚለቀም ቀለሃ

የበኩር ልጃቸው ካሳው፣ ሚስታቸው እትዬ ብርቄ፣ የወንድማቸው ልጅ እኔ፤ አጎቴን የቀበርናቸው እኛ ነን።

በአገራችን ወንድ ሲቀበር ይተኮሳል። አጎቴ ለቅሶ በሄዱ ቁጥር ከተኩሱ በኋላ ጎንበስ ብለው ባዶውን ቀለሃ ይለቅሙና በጋቢያቸው ጫፍ ይቋጥሩታል። ቤታቸው ወስደው ቀለሃውን ባሩድና እርሳስ ይሞሉትና ገብሳቸውን ከዝንጀሮ ይጠብቁበታል።

"ጋሼ፣ ለለቅሶ መጡ ወይስ ለቃርሚያ?" እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባቸዋል።

"ለሟቹ አልቅሻለሁ፤ ዝንጀሮው ግን አልሞተም" ይላሉ።

ኋላ ባሩድ ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። የቀሯቸውን ጥይቶች በጨርቅ ጠቅልለው፣ "እኔ ስሞት አንድም እንዳትተኩሱ፤ የገብሱ ነው" ብለው ተናዘዙ።

በቀብራቸው ቀን ካሳው ጨርቁን ፈታ።

"ተው፣ ቃላቸውን አክብር" አልኩት።

"አያ፣ አባቴን ዘመድ እንደሌለው ዝም ብዬ ልቅበር? ሰው ምን ይለኛል?"

ሁሉንም ተኮሰው። ይሉኝታ የአባትን ኑዛዜ ካስረሳ፣ ልጅ መሆን ምኑ ላይ ነው? ቀለሃው በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሣሩ ላይ ተበትኖ ቀረ፤ ጎንበስ ብሎ የሚለቅም አልነበረም። መሞታቸው የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ገብሱ ሲያሽት ዝንጀሮው ከገደሉ ወጣ። ካሳው ጥይት ሊገዛ ብልባላ ገበያ ሄዶ፣ ዋጋውን ሰምቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። በጅራፍና በጩኸት ያተረፍነው ለዘር እንኳ አልበቃም፤ ለቀለብ ሲባል በሬዎቹ ተሸጡ። የዚያ ቀን ተኩስ ሁላችንንም የአንድ ማሳ ገብስና የጥማድ በሬ ዋጋ አስከፈለን።