የሽሮፑ ሽታ

የሕፃናት ማቆያው ሞግዚት በር ላይ በቆመችባቸው ዐሥራ አንድ ዓመታት የአንድም ወላጅ ቃል አምና አታውቅም። «መርማሪዋ» የሚል ቅጽል ስም የወጣላት በከንቱ አይደለም፤ ግንባር ከዳሰሰች በኋላ የልጁን አፍ ታሸታለች። ጠዋት ቀዝቅዞ የገባ ግንባር አራት ሰዓት ላይ እንደ እሳት ሲፋጅ ደጋግማ አይታለችና።

ዛሬ የልብስ ሰፊዋ ልጅ ትንፋሽ እንጆሪ እንጆሪ ሸተታት።

«እንጆሪ በልታ ነው እንዳትዪኝ ብቻ!»

«እትዬ፣ ትንሽ ጉንፋን ናት። እስከ ማታ ይለቃታል ብዬ…»

«ይሄ እንጆሪ የሚሸት ሽሮፕ ትኩሳቱን ይደብቃል እንጂ ኢንፍሉዌንዛውን ከመጋባት አያግደውም። ውስጥ የአራት ወር ጨቅላ ተኝቷል፤ ቢይዘው በምን አቅሙ ይችለዋል? ያለ መድኃኒት ትኩሳቷ ጠፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ሳይሞላት አልቀበላትም።»

«ከሥራ ከቀረሁ እኮ ፋብሪካው የስፌት መኪናዬን ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል።»

ሞግዚቷ ይህንንም አላመነችም፤ ለፋብሪካው አለቃ ደወለች። «ለጉንፋን ደግሞ ምን ዕረፍት አለው?» ብሎ ሳቀ። እናት በልጇ አፍ ውሸት እንድታንቆረቁር ያስገደዳት ይህ ሳቅ ነው፤ ቀዳሚው ተከሳሽም የሳቁ ባለቤት ነው።

«አሳርፊያት፣ ፈሳሽ አጠጪያት፤ ትንፋሽ ካጠራት ግን በቀጥታ ሐኪም ቤት!» አለቻት ሞግዚቷ። ከበሩ ግን አልተነቃነቀችም። የእናቲቱ ቤት በስተግራ ነው፤ በስተቀኝ ማንንም ሳይመረምር የሚቀበል ሌላ ማቆያ አለ።

እናቲቱ ልጇን አዝላ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያም ወደ ቀኝ ታጠፈች።