ያልተጠየቁት ሴቶች መልስ

ሙሚና ከአራተኛ ክፍል ትምህርቷን ያቆመችው ውሃ ለመቅዳት ነው። እናቷ ታማ አልጋ ስትይዝ ጀሪካኑ ለእሷ ተረፈ፤ ከዚያ ወዲህ ከጀርባዋ አልወረደም። ዘንድሮ ደግሞ ልጇ ሒክማ ከትምህርት ቤት እየቀረች ወንዝ መውረድ ጀመረች። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት የመጡት አጥኚዎች የቦኖ ውሃ የት እንደሚተከል ይናገራሉ ሲባል፣ ሙሚና የማሾ ለቀማዋን ትታ በቀበሌው አዳራሽ ከፊት ተቀመጠች።

ከአጥኚዎቹ አንዱ ወጣት የመንደሩ ሴቶች ቃል ነው ብሎ አነበበ። «ወንዝ መውረዱ አይከብደንም፤ ከጓደኞቻችን ጋር ያጫውተናል።» ቦኖውም ለሌላ መንደር ተወሰነ አለ።

ሙሚና ብድግ አለች። «የማን ሚስት ናት እንዲህ ያለችው? ስሟን ጥራልኝ!»

«እትዬ፣ ሰው አይደለችም» አለ ወጣቱ እየተቅለሰለሰ። «ቤት ለቤት ለመዞር ጊዜ አጠረንና፣ እንደ ሰው ጥያቄ የሚመልሰውን ኮምፒውተር የቆላ ሴት ሁን አልነው። እንደ እናንተ ሆኖ መለሰልን።»

«ወላሂ፣ እንግዲያው ጀሪካኑንም እሱ ይሸከም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ፤ እሷ አልሳቀችም። ወጣቱ ደንግጦ ስልኩን አወጣ። «አሁን እርስዎን ልቅረጽዎ፣ ይንገሩኝ።»

«ውሳኔው ይለወጣል?»

«እሱማ አልቋል» አለ ወጣቱ።

«ታዲያ ድምፄን ምን ልታደርገው ነው? ያንን ኮምፒውተርህን ልታስተምርበት?» ብላው ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ሒክማ ጀሪካን አንስታ ልትሄድ ነበር። ሙሚና ከእጇ መንጭቃ ነጠቀቻት። «ወደ ትምህርትሽ!» ብላ ጮኸችባት። ልጅቷ ምን እንዳጠፋች ሳይገባት ደብተሯን ይዛ ሮጠች።