የፈንጣጣ ቤት አለቃ

ወይዘሮ ሠርከአዲስ ፊታቸው ልስልስ ነበር። ይህን የሰማ መልካቸውን ያደነቅሁ ይመስለዋል። ጎባ ገና የጦር ሰፈር በነበረችበት ዘመን ግን ልስልስ ፊት ማለት ፈንጣጣ ያልጎበኘው፣ ተራውን የሚጠብቅ ፊት ማለት ነበር። ክትባት የሚሉት ነገር ገና ተራራችንን አልወጣም። የጎባን የፈንጣጣ ቤት ያቆሙትና ያስተዳደሩት እኒህ ሴት፣ ውስጡን ሳይረግጡ ነው።

ጦሩ ከሸዋ ተነሥቶ ባሌ ሲዘልቅ እሳቸውም ከባላቸው ከነፍጠኛው ተክለማርያም ጋር ዕቃቸውን በበቅሎ ጭነው መጡ። መንገድ ላይ ፈንጣጣ ጦሩ ውስጥ ገባ። በሽተኞቹ ለብቻቸው ድንኳን ተተከለላቸው፤ ይህ የቆየ ልማድ ነው። የታመመ መጠየቅም የቆየ ልማድ ነው። ወንድሙ ታሞ ሳይጠይቀው የሞተበት ሰው በምን ዓይኑ ለቅሶ ይቀመጣል? ስለዚህ ጦሩ በየተራ እየገባ «እግዜር ይማርህ» ሲል ሰነበተ፤ ጠያቂው ሁሉ ብዙም ሳይቆይ ራሱ የሚጠየቅ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሠርከአዲስ አንድ አባባል ነበራቸው። «ፈንጣጣ እግር የለውም፤ የሚያዞረው ይሉኝታ ነው» ይሉ ነበር።

ጎባ ስትቆረቆር መሬቱ ባዶ አልነበረም። ባለቤቱ ገባር ተባለና ገብስና ማር እንዲያመጣ ታዘዘ፤ መጤው ደግሞ ጌታ ተባለ። ፈንጣጣው ይህን ክፍፍል የሰማ አይመስልም፤ ሁለቱንም እኩል ገባባቸው። ያን ጊዜ ሠርከአዲስ ከሰፈሩ ራቅ ብሎ ካለው ጥድ ሥር አንድ ጎጆ አሠርተው ዙሪያውን አሳጠሩ። ፈንጣጣ አንዴ የለቀቀውን ሰው ዳግም አይዝምና፣ ውስጥ ገብተው የሚያስታምሙ ፊታቸው የተጠቃጠቀ ልጃገረዶች ፈለጉ። ባል ስላልጠየቃቸው አላጧቸውም። ሁለቱን ልጥቀስ፤ አንዷ የነፍጠኛ ልጅ እኅተማርያም ናት፣ ሁለተኛዋ የገባር ልጅ ሎኮ።

ሠርከአዲስ ከአጥሩ ውጭ ቆመው እየጮሁ አስተማሯቸው። በሽተኛ በለስላሳ ቅጠል ላይ ማስተኛትን፣ ቁስል ሳያፈርጡ ማጠብን፣ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ማጠጣትን፣ የሟችን ልብስ ማቃጠልን። ዋናው ትምህርት ግን በሩ ላይ ነበር። በሩ መቀርቀሪያ አልነበረውም። መቀርቀሪያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ በሩን በጀርባዋ የደገፈችው ተረኛ ናት። እሷ ከተነሣች በሩ ተከፈተ ማለት ነው፤ ሰፈሩም የሚተርፈው በዚህች በር ነው።

እኅተማርያም ከሁሉም የምትሻል አስታማሚ ነበረች። ሠርከአዲስም ቤቱን አንድ ቀን ለእሷ ለመተው አስበው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ የሰፈሩ ሹም ባላምባራስ ብዙነህ የታመመ ጋሻ ጃግሬያቸውን ሊጠይቁ መጡ። ልጅቷ ገና ካባቸውን ስታይ ብድግ አለች፤ እጅ ነሣች። በሩ ተከፈተ፤ ባላምባራስም ገብተው ከበሽተኛው አጠገብ ተቀምጠው አጽናኑት። ከዚያ ወደ ቤታቸው፣ ብዙ ሰው ወደሚበላበት ግብራቸው ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ ከእሳቸው ግቢ የሚወጣው በሽተኛ ጎጆውን ሞላው፤ መቃብርም ተቆፈረ።

ሠርከአዲስ እንደ ሰሙ መጡ። አልመቷትም፤ ያ ራሱ በዘመኑ ያልተለመደ ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«ባላምባራስ መጡ፤ ተነሣሁ እትዬ።»

«እኔም ብሆን እነሣ ነበር» አሉ ሠርከአዲስ። «እጅሽን አስተምሬዋለሁ። ጉልበትሽን ግን እናትሽ ቀድማኝ አስተምራዋለች። እሱን ደግሞ እንደ አዲስ መማር አለብሽ።»

እውነት ነው፤ እኛ ቤት ልጅ መናገር ሳይችል ለታላቅ መነሣት ይችላል። ያንን ከሰው ጉልበት ማውጣት ቀላል አይደለም። ሠርከአዲስ ባላቸውን ጌታ አስመስለው አመጡ። ተክለማርያም የተውሶ ካባ ደርበው፣ ጠመንጃ አንግተው፣ እየተጎማለሉ ወደ በሩ ይመጣሉ፤ ይጣራሉ፤ ይቆጣሉ። እኅተማርያም ትርበተበትና ግማሽ ትነሣለች። ሎኮ ከውስጥ ሆና «ታኢ!» ትላታለች፤ በኦሮሞኛ ተቀመጪ ማለቷ ነው። እኅተማርያም ትቀመጣለች፤ ደግሞ ትነሣለች። ሽማግሌው ሲደክማቸው «እኔ እኮ ሳልሾም ተሻርሁ» ይሉ ነበር። ሚስትየዋ ግን ቀልዱን አላስረዘሙትም፤ «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ብለው እንደገና ያስጀምራሉ።

መቀመጥ ብቻውን አልበቃም። «ሰውን ከልክለሽ ባዶ እጁን አትመልሺው» አሏት። «ሳይጠይቅሽ የበሽተኛውን ሁኔታ ንገሪው። ከዚያ ሥራ ስጪው። ውኃ ያምጣ፣ እንጨት ይፍለጥ፣ ወተት ይላክ። ሥራ የያዘ ሰው የተናቀ አይመስለውም።» እኅተማርያም ይህን ቃል በቃል ያዘች። ውስጥ ያሉትንም ልጆች በየተራ መደበች፤ ሎኮን የማጠቢያው ኃላፊ አደረገቻት። የነፍጠኛ ልጆች በገባር ልጅ አንታዘዝም ብለው ቢያጉረመርሙም አልሰማቻቸውም።

ባላምባራስ ሁለተኛ መጡ። በዚህ ጊዜ የገዛ ልጃቸው ውስጥ ነበር። እኅተማርያም እንደ ተቀመጠች እጅ ነሣች። «ጌታዬ፣ እንደምን ዋሉ። ልጅዎ ትላንት በትኩሳት ተቃጥሎ ነበር፤ ዛሬ አጥሚት ጠጥቷል። ወተት ቢልኩለት ይበረታል» አለች።

«ተነሺ» አሉ።

«ብነሣ በሩ ይከፈታል፣ ጌታዬ።»

ከጎኗ ሎኮ ቆማ ስለነበር ነገሩን የሰማነው ከእሷ ነው። እኅተማርያም ጉልበቷን በሁለት እጇ ተጭና ያዘች፤ መቀመጫዋም ከበርጩማው አልተላቀቀም። ባላምባራስ ተመለሱ። ማታውን አንዲት የምትታለብ ላም አስነድተው ላኩ፤ ከላሟም ጋር ስለ ባለጌ ልጃገረድ ለሠርከአዲስ የሚደርስ ስሞታ ላኩ። ሠርከአዲስ ላሟን ተቀብለው ስሞታውን እንዳልሰሙ ሆኑ። ልጁም ዳነ።

ከዚያ ተክለማርያም ታመሙ። የተለየ አልተደረገላቸውም፤ ጎጆው ገቡ። ሠርከአዲስ ጠዋትና ማታ አጥሩ ጋ ቆመው ይጣሩ ነበር፤ ሽማግሌውም «አለሁ» ይሉ ነበር። አንድ ቀን ጧት መልስ አልመጣም። ሠርከአዲስ ዞረው ወደ በሩ ሄዱ። ተረኛዋ እኅተማርያም ነበረች።

«እንዴት አደሩ?»

«ደኅና አይደሉም፣ እትዬ። ዛሬን የሚያልፉ አይመስለኝም።» ሠርከአዲስ ሳይጠይቋት ነገረቻቸው፤ እንደ ተማረችው።

«ተነሺ ልግባ።»

ልጅቷ አልተነሣችም። ለባላምባራስ የተቀመጠችው ሌላ ነው። እኒህ ሴት ከእናቷ የሚበልጡባት ናቸው።

«አልወጣም» አሉ ሠርከአዲስ። «እገባለሁ፤ ከእሱ ጋር እዚያው እቀራለሁ። ሰፈሩን አልነካም።»

እኔ ብሆን በዚህ ቃል ተሸንፌ እነሣ ነበር። እኅተማርያም ግን እያለቀሰች ተናገረች። «እርስዎን ካስገባሁ ነገ የሁሉም ሚስት ትመጣለች። እሷም አልወጣም ትለኛለች። ምን ብዬ እመልሳታለሁ?»

ልጅቷ ዕንባዋን በክንዷ ጠርጋ ቀጠለች። «እትዬ፣ ሥራ ልስጥዎ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ያምጡልኝ፤ ረዘም ያለ ይሁን።»

ጨርቁ ለምን እንደ ሆነ ሠርከአዲስ ገባቸው። ቤታቸው ሄደው የክት ኩታቸውን አወጡ፤ አምጥተውም በአጥሩ ላይ አቀበሉ። አጥሩን ይዘው ለባላቸው የሚሉትን ሁሉ ጮኸው አሉ። ሎኮ ሽማግሌው ሰምተዋል ብላ ምላለች። ሎኮ ደግ ልጅ ስለ ነበረች መሐላዋን እንዳለ አልቀበለውም። ተክለማርያም ሳይመሽ ዐረፉ።

ሰፈሩ እኅተማርያምን ጨካኝ አላት። ሠርከአዲስ ከልጅቷ ጋር መነጋገር ተዉ፤ ቤተ ክርስቲያን ሲገናኙ ፊታቸውን ያዞራሉ። እሷም ሰላምታ ትሰጥና መልስ ሳትጠብቅ ታልፋለች። ልቧ መሰበሩን ያወቀ ብዙ ሰው አልነበረም።

በሽታው ሲበርድ ባላምባራስ ብዙነህ ሠርከአዲስን አስጠሩ። ሠርከአዲስ አርጅተዋልና የፈንጣጣውን ቤት የሚረከብ ሰው ይመረጥ ተባለ። ባላምባራስ የወንድማቸውን ሚስት አስበው ነበር፤ የተከበሩ ወይዘሮ፣ ባለ ብዙ አሽከር። ሠርከአዲስ የሴትየዋን ምስጋና እስከ መጨረሻው አዳመጡ።

«እሳቸው ለኔ ይነሡልኛል?» ብለው ጠየቁ።

«እንዴታ፣ ጨዋ ናት» አሉ ባላምባራስ።

«እንግዲያው አይሆኑም። ያቺ ልጅ ባሌ ሲሞት ፊቱን አላሳየችኝም። እስክሞት ይቅር የምላት አይመስለኝም። ቤቱን ለእሷ ይስጧት።»